ከፍታና ግትርነት፤ የኤም ጂ ቢ የኋላ ባሌስትራ ታሪክ

አንድ አሮጌ የስፖርት መኪና በሚታደስበት ጊዜ የተመልካች ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በቀለሙ ላይ ነው። ቀጥሎ ሞተሩ ይነሣል፤ ድምፁ ይደመጣል፤ ባለቤቱም ይመሰገናል። ከአካሉ በታች ከጭቃና ከዝገት ጋር የሚኖረው የኋላ ባሌስትራ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው መኪናው ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ፣ አንደኛው ጎኑ ዘንበል ብሎ ወይም ጅራቱ ከልክ በላይ ቀና ብሎ ሲታይ ነው። በዚያን ጊዜ መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ማድረግ። ዳሩ ግን የባሌስትራ ታሪክ የሚያስተምረው ከፍታ ብቻውን ተነጥሎ የሚታረም ነገር አለመሆኑን ነው። ከፍታን ለማስተካከል ሲባል የተወሰደ እርምጃ የመኪናውን ጠባይ ሊለውጥ፣ አልፎም የነጂውን ሕይወት ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

ለዚህ አባባል ከእንግሊዙ ኤም ጂ ቢ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ የስፖርት መኪና ከ1962 እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ ሲሠራ ቆይቶ ቁጥሩ ከ500,000 በላይ ደርሷል። ዛሬም በብዛት ከሚታደሱት አሮጌ የስፖርት መኪናዎች አንዱ ነው። የኋላ አካሉን የሚሸከሙት ሁለት ባሌስትራዎች ሲሆኑ፣ በአሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜው ውስጥ ከፍታው በሕግ አስገዳጅነት አንድ ጊዜ ተለውጧል። ያ ለውጥ ያስከተለው ነገር ለመሐንዲስም ሆነ ለአዳሽ ሊዘነጋ የማይገባው ትምህርት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከደጋን እስከ ሠረገላ

“ባሌስትራ” የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከኢጣልያንኛ ነው። በኢጣልያንኛ ቃሉ አስቀድሞ የሚያመለክተው የጥንት ወታደሮች ፍላጻ ይወረውሩበት የነበረውን፣ በእንጨት ላይ የተጋደመ ብርቱ ቀስት ነው፤ ኋላ ግን ተደራርበው ሠረገላን ወይም መኪናን ለሚሸከሙት የብረት ቅጠሎች መጠሪያ ሆነ። ስያሜው ከነገሩ ባሕርይ የራቀ አይደለም። ጥጥ ሲነደፍ ያየ ሰው የደጋንን ጠባይ ያውቃል፤ የጎበጠው እንጨት ጅማቱ ሲሳብ ይበልጥ ይጎብጣል፣ ሲለቀቅም የተቀበለውን ኃይል መልሶ ይሰጣል። ባሌስትራም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ደጋኑን የሚያሠራው የነዳፊው እጅ ሲሆን፣ የባሌስትራውን ጉብጠት የሚያቃናው የመኪናው ክብደት መሆኑ ነው።

ይህን ጠባይ በቁጥር የሚገለጽ ሕግ አድርጎ ያቀረበው እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ ነው። በ1678 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሚለጠጥ አካል የሚያሳየው የቅርጽ ለውጥ ከሚጫንበት ኃይል ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን ገለጸ። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ለውጡም እጥፍ ይሆናል፤ ኃይሉ ሲነሣም አካሉ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ሕጉ የሚጸናው ግን ብረቱ የመለጠጥ ወሰኑን እስካላለፈ ድረስ ብቻ ነው። ይህ “ብቻ” የሚለው ቃል ለአሮጌ መኪና አዳሽ ምን ያህል ትርጉም እንዳለው ወደ ኋላ ይታያል።

ከዚያ በኋላ አንድ መቶ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎ፣ በ1804 ዓ.ም. ኦባዲያ ኤሊየት የተባለ እንግሊዛዊ የሠረገላን አካል በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች ላይ የሚያስቀምጥ አሠራር አቀረበ። ቅጠሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ሲገጠሙ የእንቁላል ቅርጽ ስለሚሰጡ ዓይነቱ “ኤሊፕስ” ተባለ። አንደኛው ግማሽ ብቻ ሲቀር “ግማሽ ኤሊፕስ” የሚባለው፣ ዛሬ በጭነት መኪና ሥር ሁሉ የሚታየው ባሌስትራ ይሆናል። ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ሲመጣም ሠሪዎቹ ከሠረገላ ሠሪዎች የወረሱት ይህንኑ ነበር።

ይሁን እንጂ በመኪናው ላይ የባሌስትራ ኃላፊነት በብዙ ጨመረ። ሠረገላን የሚስበው ፈረስ ከፊት ነው፤ መኪናን የሚገፉት ግን የራሱ የኋላ ጎማዎች ናቸው። በፈረንሳዩ የሆችኪስ ኩባንያ ስም በሚጠራው አሠራር የኋላው አክስል ከአካሉ ጋር የሚያያዘው በባሌስትራዎቹ ብቻ ነው። ስለዚህ ባሌስትራው በአንድ ጊዜ ሦስት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ክብደትን ይሸከማል። ሁለተኛ፣ አክስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዳይንቀሳቀስ ይይዘዋል። ሦስተኛ፣ ሞተሩ አክስሉን ለማሽከርከር ሲጥር የሚፈጠረውን የመጠምዘዝ ኃይል ይቋቋማል። አዳሹ ባሌስትራውን ሲነካ ሦስቱንም ሥራዎች አብሮ መንካቱ ነው።

የአቢንግደን ምርጫ

ኤም ጂ የሚለው ምሕጻር “ሞሪስ ጋራዥስ” ከሚለው የኦክስፎርድ የንግድ ቤት ስም የመጣ ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት የዚህ ቤት ኃላፊ የነበረው ሴሲል ኪምበር ተራውን የሞሪስ መኪና እያሻሻለ ቀልጣፋ የስፖርት መኪና ይሠራ ጀመር። በ1929 ዓ.ም. ሥራው በኦክስፎርድ አቅራቢያ ወደምትገኘው አቢንግደን ተዛወረ፤ ፋብሪካውም በ1980 ዓ.ም. እስከተዘጋበት ቀን ድረስ እዚያው ቆየ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ድርጅቱ ቲ ሲ የተባለውን፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ኤም ጂ ኤ የተባለውን መኪና አወጣ። ኤም ጂ ኤ ዋና ገበያውን ያገኘው በአሜሪካ ነበር። ገበያው ለፋብሪካው ሕልውና ሆነ፤ በኋላ እንደሚታየውም የችግሩ ምንጭ ሆነ።

በ1962 ዓ.ም. ኤም ጂ ቢ ሲወጣ በዋናው መሐንዲስ በሲድኒ ኤኔቨር የተመራው ቡድን የቀድሞውን የተለየ ሻንሲ ትቶ አካሉ ራሱ ሸክሙን የሚሸከምበትን አሠራር መርጦ ነበር። ይህ ለዘመኑ ወደ ፊት የተራመደ ሥራ ነው። በኋላው አክስል በኩል ግን ቡድኑ የመረጠው የቆየውን መንገድ ነበር። በንድፉ መጀመሪያ ላይ የጥቅል ሞላ ታስቦ የነበረ ቢሆንም በመጨረሻ የጸናው ግማሽ ኤሊፕስ ባሌስትራ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው ጃጉዋር ኢ-ታይፕ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበትን፣ በአራት የጥቅል ሞላዎች የተደገፈ አሠራር ይዞ ስለ ነበር፣ የኤም ጂ ቢ ምርጫ ለአንዳንዱ ኋላ የቀረ ሊመስል ይችላል።

ምርጫው ግን ምክንያት ነበረው። ባሌስትራ አክስሉን ራሱ ስለሚይዝ ሌሎች ዘንጎችንና መገጣጠሚያዎችን አይፈልግም። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ጥገናውም በማንኛውም ጋራዥ ሊሠራ ይችላል። ኤም ጂ ቢ መካከለኛ ገቢ ያለው ወጣት ሊገዛው እንዲችል የታሰበ መኪና ስለ ነበር ይህ ቁም ነገር ነው። በዚያው በአቢንግደን ይሠራ የነበረው ትንሹ ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ከኋላ የያዘው ከዚህም የቀለለ ሩብ ኤሊፕስ ባሌስትራ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ጣራው የተዘጋው ኤም ጂ ቢ ጂ ቲ ሲጨመር ክብደቱ ስለሚበልጥ የኋላ ባሌስትራው ከክፍቱ መኪና የተለየ ሆነ። ሁለቱ ባሌስትራዎች ለዓይን ቢመሳሰሉም አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ መኪናው በትክክለኛው ከፍታ አይቆምም፤ ጠባዩም ይለወጣል።

ሁለት የተለያዩ ጠባዮች

የአዳሽ ስሕተት ብዙውን ጊዜ የሚመነጨው የባሌስትራን ሁለት ጠባዮች እንደ አንድ በመቁጠር ነው። የመጀመሪያው ጉብጠቱ ነው፤ ይኸውም ባሌስትራው ምንም ሳይጫንበት የሚኖረው ቅርጽ ነው። ሁለተኛው ግትርነቱ ነው፤ ይኸውም አንድ ሚሊሜትር ዝቅ እንዲል የሚያስፈልገው የኃይል መጠን ነው። የመኪናው ከፍታ የሁለቱ ጠባዮች ድምር ውጤት ነው፤ የመኪናው አካሄድ ግን በይበልጥ የሚታዘዘው ለግትርነቱ ነው።

ግትርነትን የሚወስኑት የቅጠሎቹ ብዛት፣ ስፋት፣ ውፍረትና ርዝመት ናቸው። የቅጠሎቹ ብዛት በአንድ አምስተኛ ቢጨምር ግትርነቱም በአንድ አምስተኛ ይጨምራል። ውፍረት ግን የሚያመጣው ለውጥ እጅግ የበረታ ነው፤ ግትርነት ከውፍረት ሦስተኛ ርቢ ጋር ስለሚሄድ፣ ዝገት ከቅጠሎቹ ውፍረት ከመቶ አሥር እጁን ቢበላ ግትርነቱ ከመቶ ወደ 73 ይወርዳል። ርዝመትም እንዲሁ በሦስተኛ ርቢ ይሠራል፤ አቅጣጫው ግን ተቃራኒ ነው። ረጅም ባሌስትራ ለስላሳ፣ አጭር ባሌስትራ ግትር የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ ለብዙ ዓመታት ሲሸከም የኖረ ባሌስትራ “ተኛ” ሲባል ምን ሆነ ማለት ነው? ብዙ ሰው ለሰለሰ ብሎ ያስባል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የብረት የመለጠጥ ጠባይ በዕድሜ አይለወጥም፤ ዝገት ካልበላው በቀር ግትርነቱ እንደ ቀድሞው ነው። የጠፋው ጉብጠቱ ነው። ብረቱ ለዓመታት በተደጋገመ ጭነትና በድንገተኛ ምት ጥቂት በጥቂት ከሁክ ወሰን ውጭ ወጥቶ፣ ጭነቱ ሲነሣ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሙሉ በሙሉ መመለስ አቅቶታል። ስለዚህ የተኛ ባሌስትራ ዝቅ ያለ እንጂ የለሰለሰ አይደለም።

ይህ ልዩነት በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ይገለጻል። አንድ ባሌስትራ 2,000 ኒውተን ተሸክሞ ግትርነቱ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር 20 ኒውተን ቢሆን፣ ከነጻ ቅርጹ 100 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። በዚህ መጠን የተቀመጠ አካል በደቂቃ ወደ 95 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። ባሌስትራው ከጊዜ ብዛት 17 ሚሊሜትር ተኝቷል እንበል። አንዱ አዳሽ ጉብጠቱን ቢመልስለት መኪናው 17 ሚሊሜትር ከፍ ይላል፤ ውዝዋዜው ግን ያው 95 ይሆናል። ሌላው አዳሽ አምስት ቅጠል በነበረው ላይ ተመሳሳይ ስድስተኛ ቅጠል ቢጨምር ግትርነቱ 24 ኒውተን ይሆናል፤ ዝቅታውም 83 ሚሊሜትር ይሆናል። መኪናው አሁንም በ17 ሚሊሜትር ከፍ ብሏል፤ ውዝዋዜው ግን በደቂቃ ወደ 104 ደርሷል። በሜትር ሲለኩ ሁለቱ መኪናዎች አንድ ናቸው፤ በመንገድ ላይ ሲነዱ ግን ሁለት ናቸው።

በጭነት መኪና ላይ ቅጠል መጨመር ለምን እንደተለመደ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የጭነት መኪና ችግር ሸክሙ መብዛቱ ነው፤ ለበዛ ሸክም የበዛ ግትርነት ተገቢ መልስ ነው። የስፖርት መኪና ሸክም ግን አልበዛም። ስለዚህ ቅጠል የተጨመረበት ኤም ጂ ቢ በጠማማ መንገድ ላይ ጎማው ከመሬት ጋር መቆየት ሲያቅተው እየዘለለ ይሄዳል፤ ከኋላ ግትርነቱ ስለበዛም በመታጠፊያ ላይ ጅራቱ ወደ ውጭ ለመሸሽ ይቸኩላል።

የ1974ቱ ለውጥ

ኤም ጂ ቢ ከወጣ አሥር ዓመት ባለፈው ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት አዲስ የደኅንነት ሕግ አወጣ። ከ1973 ዓ.ም. ሞዴል ጀምሮ የመኪና ፓራውልት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር በሆነ ፍጥነት ከፊት ሲጋጭ መብራቶቹና ሌሎች የደኅንነት ክፍሎች እንዳይጎዱ ማድረግ ነበረበት። ቀጥሎም መኪናዎች ሲጋጩ ፓራውልቶቻቸው እንዲገናኙ የከፍታ መጠን ተወሰነ። ዝቅ ብሎ ለተሠራ የስፖርት መኪና ይህ ከባድ ፈተና ነበር።

አቢንግደን በዚያን ጊዜ የብሪቲሽ ሌይላንድ አካል ነበር። በ1974 ዓ.ም. መጸው ላይ የተሰጠው መልስ ሁለት ነገሮችን የያዘ ነበር። አንደኛ፣ ቀጭኑ የክሮም ፓራውልት ተነሥቶ ብረት በውስጡ ያለው፣ ላዩ ጎማ በሚመስል ጥቁር ፖሊዩሬቴን የተሸፈነ ትልቅ ፓራውልት ተተካ። ሁለተኛ፣ መኪናው በሙሉ ወደ 25 ሚሊሜትር ያህል ከፍ እንዲል ተደረገ። በዚያው ጊዜ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል የፊተኛው የስታቢላይዘር ዘንግ ከመደበኛው ዕቃ ውስጥ ወጣ። ለውጡ የተደረገው ለአሜሪካ ገበያ ቢሆንም በእንግሊዝ ለሚሸጡትም መኪናዎች ደረሰ።

25 ሚሊሜትር ለሰው ዓይን ትንሽ ናት፤ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ናት። በመኪናው ጠባይ ላይ ያሳደረችው ለውጥ ግን ትንሽ አልነበረም። የመኪናው የክብደት ማዕከል ወደ ላይ ስለ ወጣ አካሉ በመታጠፊያ ላይ ይበልጥ ያዘነብል ጀመር። ይህን ማዘንበል ሊገታ ይችል የነበረው ዘንግ ደግሞ በዚያው ሰዓት ተነሥቷል። በቅልጥፍናው ይታወቅ የነበረው መኪና ወዲያው በአካሄዱ ይወቀስ ጀመር። ፋብሪካው ስሕተቱን ለማረም ሁለት ዓመት ያህል ፈጀበት፤ ለ1977 ዓ.ም. ሞዴል የፊተኛው ዘንግ ወፍሮ ተመለሰ፤ ለኋላውም አዲስ ዘንግ ተጨመረ። ከፍታው ግን እንደ ተለወጠ ቀረ፤ መኪናውም እስከ 1980 ዓ.ም. በዚሁ ከፍታ ተሠራ።

እዚህ ላይ ፍርድ ለመስጠት መቸኮል አይገባም። ሕጉ የወጣው ሰውንና ንብረትን ለማዳን ነው። ፋብሪካውም ሕጉን ካላሟላ ዋና ገበያውን ያጣ ነበር። ጥፋቱ ከፍታ መለወጡ ሳይሆን፣ ከፍታ ሲለወጥ አብረው ሊለወጡ የሚገባቸው ነገሮች በጊዜው አለመታየታቸው ነው። አንዱን መጠን ለአንድ ዓላማ የሚለውጥ መሐንዲስ ያ መጠን ሌሎች የትኞቹን ሥራዎች ይሠራ እንደ ነበር አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ከፍታ የሚጨመረው በባሌስትራው ጉብጠት ሲሆን ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ይከተላል። ባሌስትራው ከፊት ዓይኑ ላይ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ ይኖራል፤ አክስሉም ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ በዚህ ዓይን ዙሪያ ቅስት እየሠራ ይንቀሳቀሳል። ዓይኑ ከአክስሉ ብዙ ከፍ ካለ፣ መኪናው ሲታጠፍና ሲያዘነብል በውጭ በኩል ያለው ጎማ ወደ ላይ እየወጣ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በውስጥ በኩል ያለው ደግሞ ወደ ፊት ይመጣል። አክስሉ በሙሉ ጥቂት ይዞራል። ነጂው መሪውን ሳይነካ መኪናው ከኋላው ይመራል ማለት ነው፤ የሚመራውም ጅራቱን ወደ መታጠፊያው ውጭ ነው። ለዚህ ነው ለውበት ሲባል ከመጠን በላይ በጎበጠ ባሌስትራ ጅራቱ የተነሣ መኪና በዝናብ ቀን የሚያስደነግጠው።

ባሌስትራውን በቦታው ማስቀመጥ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለፈ መኪና ወደ ዛሬው አዳሽ ሲደርስ ሥራው የሚጀምረው ከመፍታት ሳይሆን ከመለካት ነው። መኪናው በተስተካከለ ወለል ላይ ይቆማል፤ የጎማዎቹ ነፋስ ይስተካከላል። ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ አካሉም ተጫን ለቀቅ ተደርጎ ወደ ራሱ ዕረፍት እንዲመለስ ይደረጋል። ልኬቱ የሚወሰደው ከመሬት ሳይሆን ከጎማው መካከል እስከ ጎማው ቤት ጠርዝ ነው፤ እንዲህ ሲሆን የጎማው ዓይነትና መበላት ልኬቱን አያዛባም።

አንደኛው የኋላ ጎን ዝቅ ብሎ ከተገኘ ጥፋቱ የግድ በዚያው ጎን ባሌስትራ ላይ አይደለም። አካሉ ግትር ስለ ሆነ የፊት ቀኙ ሞላ ሲደክም የኋላ ግራው ከፍ ሊል፣ ወይም ከዚህ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ፊቱ በመካከሉ በአንድ ነጥብ ላይ በክሪክ ይነሣል። በዚህ ጊዜ ፊቱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የማዘንበል ኃይል አያስተላልፍም። ኋላው አሁንም ካዘነበለ ጥፋቱ የባሌስትራዎቹ ነው፤ ከተስተካከለ ግን ከፊት ይፈለግ።

ባሌስትራው ሲወርድ እያንዳንዱ ቅጠል ተለይቶ ይታያል። ዝገት የፈጠራቸው ጉድጓዶችና ስንጥቆች ካሉ ቅጠሉ ይጣላል፤ በተደጋጋሚ የሚታጠፍ ብረት የሚሰበረው ከእንደነዚህ ያሉ ቦታዎች ጀምሮ ነውና። ብረቱ ጤነኛ ሆኖ ጉብጠቱ ብቻ የጠፋ ከሆነ እንደገና ሊጎብጥ ይችላል። ይህ ግን የመዶሻ ሥራ ብቻ አይደለም። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው በሚገባ ግሎ፣ ውሃ ወይም ዘይት ጠጥቶ፣ እንደገና በልክ ሲሞቅ ነው። ይህ ሥርዓት ሳይጠበቅ በቀዝቃዛው በመዶሻ የጎበጠ ቅጠል ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ተመልሶ ይተኛል። በፋብሪካም ቢሆን አዲስ ባሌስትራ ከመውጣቱ በፊት ከሥራ ሸክሙ በላይ ተጭኖ የመጀመሪያውን መተኛት እዚያው እንዲጨርስ ይደረጋል።

አዲስ ባሌስትራ የሚገዛ አዳሽም ከመመርመር ነጻ አይደለም። ሁለቱ ባሌስትራዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ጉብጠታቸው ይነጻጸራል። የቅጠሎቹ ቁጥርና ውፍረት ከአሮጌዎቹ ጋር ይመሳከራል፤ ለክፍቱ መኪና ይሁን ለጂ ቲ፣ ለክሮሙ ዘመን ይሁን ለጥቁሩ ፓራውልት ዘመን የተሠራ መሆኑ ይረጋገጣል። ጥቂት ልዩነት ካላቸው ጉብጠቱ የበለጠው ነጂው በሚቀመጥበት ጎን ይገባል። ብቻውን የሚነዳ ሰው ክብደት በዚያ በኩል ያርፋልና።

ቅጠሎቹን አንድ አድርጎ የሚይዘው የመካከል ቡሎን ራስ በአክስሉ መቀመጫ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባት አለበት። ይህ ራስ ተሰብሮ ወይም ቦታውን ስቶ ከሆነ አክስሉ በአንድ ጎን ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ መኪናውም አፍንጫው ወደ አንድ፣ ጅራቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሆኖ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የ“ዩ” ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች እየተፈራረቁ እኩል ይጠበቃሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው እጅግ ቀላል የሚመስል፣ ነገር ግን በጣም የሚዘነጋ ደንብ ነው። በባሌስትራው የፊት ዓይን ውስጥ የሚገኘው የጎማ ቡሽ እንደ ኩሽኔታ የሚሽከረከር አይደለም። ብረቱ ሲጠብቅ የጎማው ውስጠኛ ክፍል ከአካሉ ጋር፣ ውጫዊው ከባሌስትራው ጋር ይያዛል፤ እንቅስቃሴው በሙሉ የሚሆነው በጎማው መጠምዘዝ ነው። አዳሹ መኪናውን በማቆሚያ ላይ እንዳነሣው፣ አክስሉም ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ ይህን ቡሎን ቢያጠብቅ ጎማው የዕረፍት ቦታው ያ መሆኑን ይማራል። መኪናው ወደ መሬት ሲወርድ ጎማው ይጠመዘዛል፤ መጠምዘዙም ባልታሰበ ሞላ ተመስሎ አካሉን ወደ ላይ ይገፋል። አዳሹ ይህን ከፍታ አይቶ ባሌስትራው ከልክ በላይ ጎብጧል ብሎ ይፈርዳል፤ ምናልባትም ይመልሰዋል ወይም ያስቀንሰዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ጎማው ይቀደዳል፣ መኪናውም በድንገት ይወርዳል።

ስለዚህ ቡሎኖቹ በመጀመሪያ በእጅ ብቻ ይገባሉ፤ መኪናው በጎማዎቹ ላይ ቆሞ፣ ተገፍቶና ተወዛውዞ ወደ ትክክለኛ ዕረፍቱ ከመጣ በኋላ ብቻ በሙሉ ኃይል ይጠበቃሉ። በኋለኛው ዓይን በኩል ያለው ተወዛዋዥ ማያያዣም እንዲሁ ነው። አዲስ ባሌስትራ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ጥቂት መተኛቱ ስለማይቀር የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜም የ“ዩ” ቡሎኖቹ እንደገና ይፈተሻሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መኪናው ከተፈለገው ከፍ ካለ፣ ባሌስትራው ከአክስሉ በታች በተሰቀለበት በኤም ጂ ቢ ላይ በሁለቱ መካከል የብረት ጉማጅ አግብቶ አካሉን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ይህ ዘዴ ግትርነትን ስለማይነካ ቅጠል ከመቀነስ ይሻላል። ይሁን እንጂ አክስሉን ከባሌስትራው ስለሚያርቀው የመጠምዘዝ ኃይሉ ክንድ ይረዝማል፤ ጉማጁ በወፈረ መጠን አክስሉ በኃይል ሲነዳ ይርገፈገፋል። የትኛውም እርማት ያለ ዋጋ አይገኝም።

ማጠቃለያ

አቢንግደን በ1980 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከተዘጋ በኋላ ኤም ጂ ቢ አልሞተም። በ1988 ዓ.ም. ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት በቀድሞዎቹ ማተሚያዎች አዲስ አካል መሥራት ጀመረ፤ ዝገት የበላው መኪና ሁሉ አዲስ ልብስ ሊለብስ ቻለ። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከዚሁ አካል የተወለደው ኤም ጂ አር ቪ 8 ወደ 2,000 በሚጠጋ ቁጥር ተሠራ። ሞተሩ ስምንት ሲሊንደር ሆኖ ሳለ የኋላ አክስሉን የያዘው አሁንም ባሌስትራ ነበር። በአሜሪካም ሼቭሮሌ ኮርቬት በ1963 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደመ ባለ ብዙ ቅጠል ባሌስትራ ይዞ ወጥቶ፣ በ1981 ዓ.ም. ብረቱ በመስታወት ክርና በሙጫ በተሠራ አንድ ቅጠል ተተካ። ቁሱ ይለወጣል፤ የሁክ ሕግ ግን ያው ነው።

አዲስ አካል መግዛት ይቻላል፤ አዲስ ቀለም መቀባትም ይቻላል። የመኪናውን ጠባይ ግን የሚሸጥ የለም። ያ ጠባይ የሚገኘው ጉብጠትና ግትርነት፣ ሸክምና ቦታ በንድፉ ላይ እንደ ታሰበው አንድ ላይ ሲስማሙ ብቻ ነው። በ1974 ዓ.ም. በትልቅ ፋብሪካ የተፈጸመው ስሕተት ዛሬም በትንሽ ጋራዥ ውስጥ ሊደገም ይችላል፤ ምክንያቱም የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፤ ይኸውም ዓይን ለሚያየው ከፍታ ሲባል ዓይን የማያየውን ግትርነት መርሳት ነው። አዳሹ ክሪኩን ዝቅ አድርጎ፣ መኪናውን በጎማዎቹ ላይ አቁሞ የመጨረሻውን ቡሎን ሲያጠብቅ የሚመልሰው የመኪናውን መልክ ብቻ አይደለም፤ ነጂው በመታጠፊያ ላይ የሚጥልበትን እምነት ጭምር ነው።